የፊት ፍሬን ሸራ በቤት ስትቀይሩ ፒኑን አትለፉት

ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ከፊት ጎማ በኩል ቀጭን የሲጥታ ድምፅ ከመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ሸራው እያለቀ ነው። ድምፁን የምታወጣው ሸራው ላይ የተገጠመች ትንሽ የብረት ምላስ ናት። ሸራው ሳስቶ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ምላሷ ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ሳህን፣ ዲስኩን፣ መንካት ትጀምራለች። ሆን ተብሎ የተሠራች ማስጠንቀቂያ ናት። "ትንሽ ልንዳውና" ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ሸካራ ድምፅ ነው። እዚያ ከተደረሰ ዲስኩም አብሮ ይበላል።

የፊት ሸራ መቀየር ሰው እንደሚፈራው ከባድ ሥራ አይደለም። ጥንቃቄና ንጽሕና ይፈልጋል እንጂ ጉልበትም ልዩ ሙያም አይጠይቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሩ ሦስት ሰዓት ያህል መድቡለት። የሚያስቸኩል ጉዳይ ባለበት ቀን አትጀምሩ።

እኔ መጀመሪያ ራሴ የቀየርኩ ጊዜ ያለቀውን አውጥቼ አዲሱን ከተትኩና ጎማውን መልሼ አሰርኩ። ፍሬኑ ደህና ያዘ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጎማውን ለሌላ ጉዳይ ስፈታ ግን የቀኙ የውስጠኛ ሸራ እንደ ሽብልቅ ባንድ ጎኑ ተበልቶ አገኘሁት። ከላይ ገና ወፍራም ነው። ከታች ብረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሸራው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው የብረት አካል) የሚንሸራተትበት የታችኛው ፒን፣ ማለትም ቀጭኑ የብረት ዘንግ፣ ግራሶው ደርቆበት ተጣብቋል። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ሸራ መቀየር ማለት ፒን ማጽዳት ነው። ሸራው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ፊት ላይ ያለው ካሊፐር ተንሸራታች ነው። ፒስተን ያለው በአንድ በኩል፣ በውስጠኛው በኩል ብቻ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋዋል፤ ፒስተኑ የውስጠኛውን ሸራ ዲስኩ ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጭኛውን ሸራ ይስበዋል። ዲስኩ በሁለት መዳፍ መሐል እንደተያዘ ሳህን ይሆናል። ፒኖቹ ከተጣበቁ አንዱ መዳፍ ይሠራል፣ ሌላው ያያል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ መመሪያ ለፊት ፍሬን ብቻ ነው። የእጅ ፍሬን ከኋላ ካሊፐር ጋር አብሮ የተሠራባቸው መኪኖች አሉ። በእነሱ ላይ ፒስተኑ እየተሽከረከረ ነው የሚመለሰው፤ በግፊት ብቻ ልመልሰው ብትሉ ውስጡን ትሰብሩታላችሁ። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በራሱ ሥርዓት መለቀቅ አለበት።

ከመፍታት በፊት

አዲስ ሸራ ብረቱን ሳይጨምር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየራል። ቸርኬው ክፍት ከሆነ በባትሪ መብራት አሳልፋችሁ ማየት ትችላላችሁ። ግን የሚታያችሁ የውጭኛው ብቻ ነው። ቶሎ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ የማይታየው የውስጠኛው ስለሆነ፣ የውጭኛው ደህና ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

ኮፈኑን ከፍታችሁ የፍሬን ዘይቱን ዕቃም ተመልከቱ። ሸራ ባለቀ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዘይቱ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዘይት የቀነሰ ሲመስላችሁ ዝም ብላችሁ አትሙሉ። መጀመሪያ ሸራውን እዩ። ሸራው ወፍራም ሆኖ ዘይቱ ከቀነሰ ግን የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው።

ሸራ ሁልጊዜ የሚቀየረው የግራና የቀኙ አንድ ላይ ነው። አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ክሪክ፣ ካቫሌቶ (የተነሳው መኪና የሚያርፍበት የብረት መደገፊያ)፣ ታኮ፣ የጎማ መፍቻ፣ የቡሶላ ስብስብ፣ ብሩጎላ፣ ካቻቪቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ስስ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሞርሴቶ (እየጠበቀ የሚጫን መያዣ)፣ አንድ ክንድ ያህል ጠንካራ ሽቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ለፍሬን ፒን ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ። የማጥበቂያውን ልክ የሚለካው ቁልፍ፣ ቶርክ ሬንች የሚባለው፣ ካላችሁ በጣም ጥሩ። ከሌላችሁ ተዋሱ።

ግራሶው ላይ ጠንቀቅ በሉ። ለኩሽኔታ የሚሆነው ተራ ግራሶ ለፍሬን ፒን አይሆንም። ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ስለሆነ የፒኑን የጎማ ሽፋን ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎማ ፒኑን አንቆ ይይዘዋል። ያኔ የሸሻችሁት ችግር በእጃችሁ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

መኪናውን ማንሳት

እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት ሕይወት ስለሚያስከፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

መኪናው ደረቅና ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም። አፈር ወይም ተዳፋት ላይ አይሆንም። ሞተሩ ይጥፋ፣ ፍሬኑም ይቀዝቅዝ። ከመንገድ እንደገባችሁ ዲስኩን ብትነኩት ያቃጥላችኋል። የእጅ ፍሬን ሳቡ። ማርሹን አንደኛ ላይ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ አስገቡ። ከኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ።

መኪናው መሬት ላይ እንዳለ የጎማውን ብሎኖች ግማሽ ዙር ያህል ብቻ አላሏቸው። ካነሳችሁ በኋላ ልፍታ ብትሉ ጎማው አብሮ ይዞራል፤ ስትታገሉም መኪናውን ከክሪኩ ላይ ልታንሸራትቱት ትችላላችሁ።

ክሪኩን አምራቹ ባዘጋጀው ቦታ ላይ ብቻ አግቡ። ካነሳችሁ በኋላ ካቫሌቶ አስገቡና መኪናውን ቀስ ብላችሁ እሱ ላይ አሳርፉት። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መደገፊያ አይደለም። ዘይቱ ቢያፈስ ወይም ጥርሱ ቢስት ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። የተፈታውን ጎማ ደግሞ ከመኪናው አካል ስር አስተኙት። ሁሉም ነገር ቢከዳችሁ መኪናው የሚያርፈው ጎማው ላይ ይሆናል።

ባንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ፍቱ። ሌላኛው ሳይነካ ይቆይ። "ይህች ሽቦ የቱ ጋ ነበረች?" ስትሉ ሄዳችሁ የምታዩት እሱን ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ ማንሳትም አይከፋም።

ካሊፐሩን ማውጣት

ካሊፐሩ ወደ ውጭ ወጣ እንዲልላችሁ መሪውን ወደሚመቸው ጎን አዙሩ። ጥቁር አቧራውን በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አትንፉት። በተለይ በቆዩ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ይገኝ ነበር፤ የአሁኑም ቢሆን ለሳንባ አይበጅም። ማጽጃውን ረጭታችሁ አርጥቡትና በጨርቅ ጥረጉት።

ከካሊፐሩ ጀርባ ላይና ታች ሁለት ብሎኖች አሉ። በቡሶላ የሚፈቱ አሉ፣ በብሩጎላ የሚፈቱም አሉ። ብሎኑን ስታዞሩ ፒኑ አብሮ ከዞረ ፒኑን በሌላ ቁልፍ ያዙት። ሁለቱም ሲፈቱ ካሊፐሩን ግራ ቀኝ እያላችሁ ሳቡት። እምቢ ካለ በካቻቪቴ ሸራውን ከዲስኩ ትንሽ ራቅ አድርጉት፤ ይለቃል።

ካሊፐሩ በወጣ ጊዜ በቧንቧው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። የዘይት ቧንቧው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጡ ሊቀደድ ይችላል። ያዘጋጃችሁትን ሽቦ አጥፋችሁ ካሊፐሩን የመኪናው ሞላ ላይ ስቀሉት። ቧንቧው መወጠርም መጠማዘዝም የለበትም።

የድሮው ሸራ ምን ይነግራችኋል?

ያወጣችኋቸውን ሸራዎች ወዲያው አትጣሉ። ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩዋቸው። ሁለቱም እኩል ከሳሱ ፍሬኑ ጤነኛ ነው። የውስጠኛው ከውጭኛው በጣም ከሳሳ ፒኖቹ አልተንሸራተቱም፣ ወይም ፒስተኑ ወደ ቦታው አልተመለሰም። እንደ ሽብልቅ ከሆነ አንደኛው ፒን ተይዟል። ዘይት ወይም ግራሶ የነካው ሸራ ካለ ምንጩን ሳታገኙ አዲስ አትግጠሙ፤ አዲሱም ይበላሻል። በዘይት የራሰ ሸራ ታጥቦ አይድንም።

ዲስኩንም በጣታችሁ ዳስሱት። ስስ መስመሮች ችግር የላቸውም። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ቦይ፣ ስንጥቅ ወይም በሙቀት የጠቆረ ቦታ ካለ ግን አዲስ ዲስክ ያስፈልጋል። ዲስኩ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ድረስ እንደሚያገለግል አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ወይም መሐሉ ላይ ተቀርጿል። ከዚያ ቁጥር በታች ከሳሳ ሙቀት መቻል ያቅተዋል።

ስትለኩ የዲስኩ ጫፍ ላይ ያለው ያልተበላ ከንፈር ያታልላችኋል። ካሊብሮው (የውፍረት መለኪያው) ከንፈሩ ላይ ካረፈ የሚሰጣችሁ ልክ ከእውነተኛው የወፈረ ነው። መላው ቀላል ነው። በሁለቱም የዲስኩ ፊት፣ ሸራው በሚነካው ቦታ ላይ፣ ከከንፈሩ ከፍታ የሚበልጥ አንድ አንድ ሳንቲም አድርጋችሁ ከነሳንቲሙ ለኩ። ከዚያ የሁለቱን ሳንቲሞች ውፍረት ቀንሱ።

ፒኖቹ

እዚህ አትቸኩሉ። ፒኖቹን ከማቀፊያው፣ ካሊፐሩ ከሚታሰርበት ብረት፣ አንድ በአንድ ሳቡ። የላይኛውና የታችኛው እንዳይቀያየሩባችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ብዙ ጊዜ አንደኛው ጫፉ ላይ የጎማ ቀለበት አለው፤ ሌላው የለውም። ቦታቸውን ብታቀያይሩ ፍሬኑ ይንኳኳል ወይም ይያዛል።

ጤነኛ ፒን በሁለት ጣት ሲሳብ ለስለስ ብሎ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ "ጱ" ይላል። የታመመው እያንገራገረ ነው የሚወጣው። ሲወጣ ግራሶው እንደ ሰም ደርቆ ወይም ቡናማ ዝገት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጭራሽ ከተጣበቀ በመዶሻ አትምቱት። በቁልፍ ይዛችሁ በጥቂት በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ አሽከርክሩት። ማላቀቂያ ስፕሬይ ከተጠቀማችሁ በኋላ ቅሪቱን አንድም ሳታስቀሩ እጠቡት።

ፒኑን በማጽጃ እጠቡ። ቀለል ያለ ዝገት ካለው በስስ የብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት። ዝገቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ካደረገው ግን ፒኑ ይቀየር። ቀዳዳውን መርሳት የለባችሁም። ጨርቅ ቀጭን እንጨት ላይ ጠምጥማችሁ ወደ ውስጥ ስደዱና አሽከርክሩ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሙት። የጎማ ሽፋኑን በጣታችሁ ለጠጥ አድርጋችሁ እዩ። የተቀደደ ከሆነ ውኃና አቧራ ስለሚያስገባ ያጸዳችሁት ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ከንቱ ይሆናል።

ከዚያ የሲሊኮን ግራሶውን ፒኑ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ቀዳዳውን በግራሶ አትሙሉት። ከሞላ አየር ይታፈንበትና ፒኑን መልሶ ይገፋዋል። ፒኑን አስገቡና በጣት ወደ ውስጥ ግፉ፣ ወደ ውጭ ሳቡ። በቀላሉ ከሄደ ከሥራው ሁሉ ዋናውን ጨረሳችሁ።

የሸራው ጆሮዎች የሚቀመጡባቸው ስስ የብረት ክሊፖችም አሉ። አውጧቸውና ከሥራቸው ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፋቁት። ዝገት ክሊፑን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሸራው ቦታው ይጠበዋል። አዲስ ሸራ በእጅ ግፊት መግባት አለበት። መዶሻ ካስፈለገው ቦታው አልጸዳም።

ፒስተኑን መመለስ

አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን ክፈቱና ዙሪያውን በጨርቅ ክበቡት። የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል፤ ከነካ ወዲያው በብዙ ውኃ እጠቡት። የድሮውን ሸራ ፒስተኑ ላይ ጋደም አድርጉና በሞርሴቶ ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። በየጥቂት ዙሩ ወደ ዘይቱ ዕቃ ተመልከቱ። ሊሞላ ከደረሰ በንጹሕ መርፌ ወይም መምጠጫ ቀንሱ። ከፒስተኑ ጎማ ዙሪያ እርጥበት ካያችሁ፣ ወይም ፒስተኑ በመጠነኛ ኃይል አልገባ ካለ፣ እዚያ ላይ አቁሙ። ካሊፐሩ ራሱ ሊፈታና ዘይት የሚያግዱት የውስጥ ጎማዎቹ ሊቀየሩለት ይገባል። ያን ለባለሙያ ስጡት።

ስለ ዘይቱ ካነሳን አይቀር፣ ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት ከአየር እርጥበት ይስባሉ። አዲስ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም። ውኃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ስለዚህ በየ2 ዓመቱ ማስቀየር ደግ ነው። የከረመ ክፍት ጠርሙስ አትጠቀሙ። ዶት 5 ደግሞ ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ እዚያ ዕቃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ የፍሬኑን የውስጥ ጎማዎች ሁሉ ያበላሻል።

መግጠም

የሸራውን ጆሮና ጀርባ፣ ብረት ከብረት የሚነካካበትን ብቻ፣ ለፍሬን የሚሆን ግራሶ በስሱ ቀቡ። ዲስኩን የሚነካው ፊት ላይ ምንም እንዳይደርስ። በግራሶ እጃችሁ ሸራውን አትንኩ፤ ጓንት ቀይሩ። ምላስ ያለው ሸራ ብዙ ጊዜ የውስጠኛው ነው፤ ከድሮው ጋር እያመሳከራችሁ አስገቡ። ካሊፐሩን ከላይ አልብሱት፣ ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ በቁልፍ አጥብቁ። እነዚህ ትንንሽ ብሎኖች በብዙ መኪኖች ላይ ከ25 እስከ 35 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚፈልጉት። በጉልበት ከጠመዘዛችኋቸው ይበጠሳሉ። ትክክለኛው ልክ በመኪናው መጽሐፍ ውስጥ አለ።

ጎማውን መልሱ። ብሎኖቹን በተርታ ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እየዘለላችሁ አጥብቁ። መኪናውን አውርዱና መሬት ላይ እንዳለ የመጨረሻውን ማጥበቅ አጥብቁ። ለትንንሽ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጎን ሂዱ።

ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት

ሁለቱም ጎን ካለቀ በኋላ ገብታችሁ ተቀመጡና ፔዳሉን ርገጡ። መጀመሪያ ባዶውን ይወርዳል። አትደንግጡ። ፒስተኑን ወደ ውስጥ ስለገፋችሁት ሸራው ዲስኩን ገና አልነካም። በአጭር በአጭሩ ደጋግማችሁ ርገጡ፤ እስከ ወለሉ ድረስ ግን አትድፈቁት። በቆዩ መኪኖች ላይ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ጎማ ያልለመደው ቦታ ሄዶ ሊቀደድ ይችላል። ፔዳሉ ጠንክሮ ከፍ ሲል ይበቃል። ይህን ሳያደርግ መኪናውን ያንቀሳቀሰ ሰው የመጀመሪያ ፍሬኑን ሲረግጥ ምንም አያገኝም።

የዘይቱን ልክ ከላይኛውና ከታችኛው ምልክት መሐል አድርጉና ክዳኑን ዝጉ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። አየሩ ሳይወጣ መንገድ አትውጡ።

አሁን አዲሱ ሸራና ዲስኩ ይላመዱ። መኪና በሌለበት መንገድ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሂዱና በመጠኑ ይዛችሁ ወደ 10 አውርዱት፤ ሙሉ በሙሉ አታቁሙ። ይህን 8 ወይም 10 ጊዜ ያህል አድርጉ። በየመሐሉ ፍሬን ሳትነኩ ትንሽ እየነዳችሁ አብርዱት። ሲያልቅ በጋለ ፍሬን ላይ እግራችሁን ጭናችሁ አትቁሙ፤ ሸራው ዲስኩ ላይ ቦታውን ያትማል፣ በኋላ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል። ቀጣዮቹን 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍሬን ካልሆነባችሁ በቀር ረጋ እያላችሁ ንዱ።

ስትመለሱ ሁለቱን ቸርኬዎች ሳትነኩ እጃችሁን አስጠጉ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ በዚያ በኩል የሆነ ነገር ይዟል። መጀመሪያ ፒኖቹን እዩ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተም እንዲሁ።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ የጎማ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ እንደገና አጥብቁ።